ቴሌቪዥንና የቤታችን ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሩቅ አይደለም፤ በየሳሎናችን ቡፌ ላይ ተቀምጦ ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን ነው። ስለ ቴሌቪዥን ሲነሣ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን እንሰማለን። አንዱ ወገን «የሰይጣን ሣጥን ነው፥ ከቤታችሁ አውጡት» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ዘመኑ ያመጣው ነው፥ ምን ይደረጋል» ብሎ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ ከሁለቱም ጋር አይስማማም። ዕቃው በራሱ ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን የያዘው ሰዓት የሌላ ነው። የማን እንደ ሆነ አብረን እንመርምር።

ሙሴ የቈጠራቸው አራት ጊዜያት

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ሊቀ ነቢያት ሙሴ ሕዝቡ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ እንዲወድ ካዘዘ በኋላ፥ ይህ ትእዛዝ ወደ ልጆች እንዴት እንደሚተላለፍ ያስረዳል። በቁጥር 7 ላይ ወላጅ ለልጁ የሚናገርባቸውን አራት ጊዜያት ይቈጥራል። እነርሱም በቤት ሲቀመጡ፥ በመንገድ ሲሄዱ፥ ሲተኙና ሲነሡ ናቸው። ልብ እንበል፤ ሙሴ በዚህ ስፍራ ስለ በዓል ቀን ወይም ስለ ድንኳኑ አገልግሎት አልተናገረም። ለልጆች ማስተማሪያ አድርጎ የቈጠረው የዘወትሩን ኑሮ ነው፤ መቀመጥን፥ መሄድን፥ መተኛትንና መነሣትን።

እንግዲህ በከተማችን በመቂ አንድ ቤተሰብ ከእነዚህ ከአራቱ ስንቱ እንደ ቀረው እንቍጠር። ማለዳ መነሣት የጥድፊያ ጊዜ ነው። አባት ወደ ሽንኩርቱና ወደ ቲማቲሙ ማሳ፥ ውኃ ወደሚስበው ሞተር፥ ወይም አስፋልት ዳር ወዳለችው ሱቁ ይሮጣል። እናት ቁርስ አድርሳ ወደ ገበያ ወይም ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይወጣሉ። መንገዱንም አባትና ልጅ አብረው አይሄዱትም፤ አንዱ በባጃጅ፥ ሌላው በእግሩ ነው። የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ድካም አፍን ይዘጋል። ስለዚህ ከአራቱ ጊዜያት ለብዙዎቻችን የቀረችው አንዲት ናት። እርሷም ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በቤት የምንቀመጥባት ናት።

ተከታታይ ድራማውና የምሽቱ ኳስ የሚመጡትም በዚህችው ሰዓት ነው። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ (2ኛ ሳሙ. 12)። ብዙ መንጋ የነበረው ባለጠጋ እንግዳ በመጣበት ጊዜ ከራሱ መንጋ ትቶ የድኻውን አንዲት በግ ወሰደ። የእኛም ሰዓት እንደዚያች በግ ነው። ሌላ የለንም፤ አንዲቷን ከወሰዱብን ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ነገሩን የሚያከብደው ቴሌቪዥን የሚያሳየው ክፉ መሆኑ ብቻ አይደለም። መልካም ነገር ቢያሳይ እንኳ፥ ወላጅ ለልጁ የሚናገርባትን የመጨረሻይቱን ሰዓት ከወሰደ፥ ያ ልጅ በቤቱ ውስጥ ሳለ ወላጅ አልባ ይሆናል።

ጣቢያው ራሱ ይጾም ነበር

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን መጀመሪያ የታየው በአዲስ አበባ ነበር። የቀለም ሥርጭት የመጣው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበት በ1977 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዘመናት የነበረው አንድ ጣቢያ ነበር፤ እርሱም የሚሠራው በምሽት ጥቂት ሰዓታት ነበር። ባለ ቴሌቪዥን የሆነው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ልጆች በጎረቤት ቤት ወለል ላይ ተደርድረው የአባባ ተስፋዬን ተረት ይሰሙ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሥርጭቱ ይዘጋል። የፈለገ ሰው ቢኖር እንኳ የሚያየው ነገር አልነበረም። በሌላ አነጋገር ጣቢያው ራሱ ስለ ጾመ ተመልካቹም አብሮት ይጾም ነበር።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ልማድ ነበር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. እስከ 1957 ድረስ ማታ በእኛ አቈጣጠር ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ሥርጭቱ ይቋረጥ ነበር፤ ምክንያቱም ወላጆች ሕፃናቱን እንዲያስተኙ ነው። በአይስላንድ ደግሞ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1966 ከተጀመረ በኋላ እስከ 1987 ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ምንም አያሳይም ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ በየሳምንቱ አንድ ቀን ከቴሌቪዥን ይጾም ነበር ማለት ነው። እኛ ረቡዕንና ዓርብን የምንጾም ሰዎች ይህን ስንሰማ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

ዛሬ ግን ያ ሁሉ ቀርቷል። ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ብዙ ጣቢያ ያመጣል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌሎችን አገሮች ተከታታይ ፊልሞች በአማርኛ ድምፅ አስገብቶ ያቀርባል። መቀመጫው አዳማ የሆነው ኦቢኤን በአፋን ኦሮሞ ያሰማናል። ቤተ ክርስቲያናችንም የራሷ ሥርጭት አላት። ሌሊትና ቀን የሚዘጋ የለም። እንግዲህ ጣቢያው የማይጾም ከሆነ መጾም የሚገባው ቤቱ ነው። «በቃ» የሚለው ቃል በአንድ ወቅት ከጣቢያው ይመጣ ነበር፤ አሁን ከእኛ ከራሳችን ካልመጣ ከየትም አይመጣም።

ፈተናው አዲስ አይደለም

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ በነበረበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ399 ሕዝቡን በብርቱ የገሠጸበት ስብከት አለ። ምክንያቱም ምእመናኑ በስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑን ትተው የፈረስ እሽቅድምድም ለማየት፥ በማግሥቱም ወደ ቲያትር ስለ ሄዱ ነው። ያን ጊዜ ሰው እሽቅድምድሙን ለማየት ከቤቱ ወጥቶ መሄድ ነበረበት፤ አሁን ግን ሜዳው ራሱ ወደ ሳሎናችን ገብቷል። ፈተናው ያው ነው፤ ያጠረው መንገዱ ብቻ ነው።

ይኸው አባት ጾም የአፍ ብቻ እንዳልሆነ፥ ዓይንም ጆሮም እጅም እግርም መጾም እንዳለባቸው አስተምሯል። ምእመናኑንም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሁለት ማዕድ እንዲያዘጋጁ ይመክራቸው ነበር፤ አንዱ የምግብ፥ ሁለተኛው የቃለ እግዚአብሔር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፥ የተፈቀደለት ነገር እንኳ ጌታ ሆኖ እንዳይገዛው እንደሚጠነቀቅ ተናግሯል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። ስለዚህ ራሳችንን የምንጠይቀው «ቴሌቪዥን ማየት ይፈቀዳል ወይ?» ብለን ብቻ አይደለም። «ልዝጋው ብል መዝጋት እችላለሁን?» ብለንም ነው።

በዚህ ነገር ቤተ ክርስቲያናችን ባዶ እጃችንን አላስቀረችንም። ምግብን መቀነስ እንዴት እንደሚቻል ከልጅነታችን ጀምራ አስተምራናለች። ጾም የታወቀ ቀን አለው፤ የታወቀ ሰዓት አለው። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ሰው ሁሉ በአንድነት ይጾመዋል። ሕፃኑንና ሕመምተኛውን ግን አያስጨንቅም። መጨረሻውም ፍስክ ነው። ደግሞም ጾም ያለ ጸሎትና ያለ ምጽዋት ረኀብ ብቻ ነው። ቴሌቪዥንን ለመቀነስ የሚፈልግ ቤት ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ከየት ያገኛል?

አንድ ቤት ለምሳሌ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤት በምሳሌ እናቁም። ስም አንሰጠውም፤ በመቂ ከየትኛውም ሰፈር ሊሆን ይችላል። በቤቱ አባት፥ እናት፥ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት አሉ። ልጆቹ አያታቸውን በአፋን ኦሮሞ «አኮ» ይሏቸዋል። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ቡፌው፥ በቡፌው ላይ ቴሌቪዥኑ አለ። ሶፋው ሁሉ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሯል። የአኮ ዱካ በበሩ አጠገብ፥ ከረከቦቱ ጎን ነው።

ማታ ቡና ሲፈላ አኮ ጨዋታ ይጀምራሉ። ልጆቹ «አኮ፥ ትንሽ ዝም ይበሉ፤ እየሰማን ነው» ይላሉ። በማግሥቱም እንደዚሁ። በሦስተኛው ቀን አኮ ጨዋታ መጀመሩን ተዉት። ማንም አልሰደባቸውም፤ ማንም አልበደላቸውም። ቡናቸውን ጠጥተው፥ መቍጠሪያቸውን ይዘው፥ ቀስ ብለው ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። ከድራማው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም ልጆቹ አንድ በአንድ ይጠሩታል፤ የአኮን እናት ስም ግን ከሦስቱ ልጆች አንዱም አያውቀውም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አባት ከቤተ ክርስቲያን ስብከት ሰምቶ መጣና አዋጅ አወጀ። «ከነገ ጀምሮ በዚህ ቤት ድራማ የሚባል ነገር የለም!» አለ።

እናት የሽሮውን ድስት አውርዳ ወደ እርሱ ዞረች። «ኳሱም አብሮ ነው፥ ወይስ የእኔ ብቻ ነው?» አለችው።

አባት መልስ አጣ።

«እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ እስከ አሁን እግሬን አላጠፍሁም። አረፍ የምለው ያቺን አንድ ሰዓት ነው። እርሷን ከወሰድህብኝ በምትኩ ምን ትሰጠኛለህ?»

ወንድሞችና እኅቶች፥ በዚህች ሴት ጥያቄ ላይ እንቁም፤ ብዙ ቤት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ጌታችን የሕግ መምህራንን የወቀሰው ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ላይ ስለሚጭኑና ራሳቸው ግን በጣታቸው እንኳ ሊነኩት ስለማይወዱ ነው (ማቴ. 23፥4)። ጾሙን ለሚስቱና ለልጆቹ አውጆ ለራሱ ኳሱን የሚያስቀር አባት ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። እናትም ድራማዋን ስትከፍት ስንፍና ይዟት ላይሆን ይችላል፤ ዕረፍት የምታገኝበት ሌላ በር ስላልተከፈተላት ሊሆን ይችላልና ችኩል ፍርድ አንፍረድ። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ የሚጾምለት፥ ሌላው የሚበላበት ጾም የለም።

በምሳሌያችን ቤት አባት ይህን ስለ ተረዳ አዋጁን አንሥቶ ምክር ጀመረ። ሁሉም በተቀመጡበት እንዲህ ተስማሙ። ረቡዕና ዓርብ ቴሌቪዥኑ ለማንም አይከፈትም። በሌሎቹ ቀኖች ራት ከቀረበ ጀምሮ የቡናው በረካ እስኪጠጣ ድረስ ይዘጋል። አባት በሳምንት አንድ ጨዋታ፥ እናት በሳምንት ሁለት ቀን ድራማዋን ታያለች፤ ልጆቹም ቅዳሜ የልጆች ዝግጅት አላቸው። እናት የምታርፍበትን ሰዓት እንዳታጣ፥ ራት ከተበላ በኋላ ዕቃ ማንሣትና ማጠብ የአባትና የትልልቆቹ ልጆች ሥራ ሆነ። እንግዲህ በሌላው ሰው ላይ ብቻ የሚወድቅ ሸክም አልቀረም።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀላል እንዳልሆነ መገመት ይቻላል። ሳሎኑ ጭር ይላል። የአባት እጅ ሳያውቀው ሪሞቱን ይፈልጋል። ትንሹ ልጅ ጎረቤት ቤት ሄዶ አይቶ ይመለሳል። ትልቋ ልጅ «ነገ ትምህርት ቤት የሚያወሩት ሁሉ ሊያልፈኝ ነው» ብላ ታለቅሳለች። ጾም በመጀመሪያው ቀን ራስ እንደሚያሳምም ይህም እንደዚያው ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን፥ ዓርብ ማታ፥ ትንሹ ልጅ ሥራ አጥቶ በአኮ ዱካ አጠገብ ተቀመጠ። «አኮ፥ እርስዎ በልጅነትዎ ማታ ማታ ምን ያዩ ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እሳት» አሉት። ጥቂት ቆይተውም «እሳትና የእናቴን ፊት» አሉ።

«እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

ያን ጊዜ አኮ ስሟን ነገሩት፤ ከየት እንደ መጣችም፥ ምን ትዘራ እንደ ነበረም። ቀጥለውም «ሂቦ!» ብለው እንቆቅልሽ ጠየቁ። ትልቋም ልጅ ከጓዳ ወጥታ መጣች። አባትም ዕቃውን አጥቦ እጁን እያደረቀ በደፍ ላይ ቆሞ ይሰማ ጀመር፤ እርሱም ከልጅነቱ በኋላ ይህን ሰምቶት አያውቅም ነበርና።

ይህ ምሳሌ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ መብራት በጠፋ ምሽት አይተነዋልና። ሻማው ይበራል፥ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ ይሰበሰባል፥ ጨዋታ ይጀመራል፥ ሳቅ ይሰማል። መብራቱ «መጣ!» ሲባል ደግሞ ጨዋታው ከመካከሉ ይቋረጣል። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ በአቅራቢያችን ተሠርቶ ኃይል ማመንጨት ሲጀምር ለአገራችን ትልቅ በረከት ነበር፤ መብራት ይጥፋ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን ከልጆቻችን ጋር ለመነጋገር መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ አለብንን?

ተጠርጎ ባዶ የቀረ ቤት

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 12፥43-45 ከሰው የወጣ ርኩስ መንፈስ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ፥ ነገር ግን ባዶ ሆኖ እንዳገኘው፥ ከእርሱም የከፉ ሰባት ሌሎችን ይዞ እንደ ገባ አስተምሯል። ቴሌቪዥኑን ዘግቶ በምትኩ ምንም ያላስገባ ቤት ይህን ይመስላል። አባት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ልጅ ስልኩን ይዞ ጥግ ይይዛል፤ እናት ብቻዋን ትቀራለች። ከአንዱ ትልቅ መስኮት ይልቅ አምስት ትናንሽ መስኮቶች ይከፈታሉ። የኋለኛው ከፊተኛው ይብሳል። ስለዚህ መዝጋት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ መሙላት ነው።

በምን እንደሚሞላ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ወርዶ የሚገባበትን የዝዋይን ሐይቅ እንመልከት። በደሴቶቹ ላይ የኖሩት ዘዮች ሃይማኖታቸውንና ቋንቋቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው ቆይተዋል። ቱሉ ጉዶ በሚባለው ደሴት ላይ ያለችው ደብረ ጽዮን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው የኖሩባት ገዳም ናት። አባቶች እንደሚተርኩትም በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ለ70 ዓመታት በዚያ ተጠልላ ኖራለች። የዘዮች ቋንቋ ከሥልጤኛና ከሐረሪኛ ጋር ዝምድና ያለው፥ በጥቂት ሰዎች ብቻ የሚነገር ቋንቋ ነው። በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ ሌላ ቋንቋ ሲናገር፥ ያለ ትምህርት ቤትና ያለ ራዲዮ ይህን ቋንቋ ለትውልድ ያደረሰው ማን ነው? ማታ ማታ በቤት ተቀምጣ ለልጇ የተናገረች እናት ናት። ዛሬ ከዘዮች ብዙዎች ደሴቱን ትተው በሐይቁ ዳር፥ በመቂና በባቱ ይኖራሉ፤ ቋንቋቸውም ለመጥፋት ከሚያሰጉት መካከል ይቈጠራል። የቤት ንግግር ሲቋረጥ አንድ ቋንቋ ምን ያህል በፍጥነት ሊጠፋ እንደሚችል በዓይናችን ፊት አለ። ሃይማኖትም የሚተላለፈው በዚያው መንገድ ነው፤ የሚጠፋውም እንደዚያው ነው።

ምን እናድርግ?

1ኛ. ጾሙ ከትልልቆቹ ይጀምር። ልጅ የሚታዘዘው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው። አባት ዜናውን ሳይዘጋ ልጁን «ሂድ አጥና» ቢለው ልጁ ደብተሩን ይከፍታል፤ ጆሮው ግን ሳሎን ነው።

2ኛ. ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። «እንቀንስ» ብቻ ብሎ መተው እንደ ተቈረጠ ገመድ ነው፤ ምንም አያስርም። ረቡዕና ዓርብ የታወቁ ናቸው፤ የራትና የቡና ሰዓትም የታወቀ ነው። ከዚያ እንጀምር።

3ኛ. ሕፃናትን በቴሌቪዥን አናስጠብቅ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ልጅ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ቢያንስ ግን የተሻለ መሆኑን ይናገራል። ለትንሽ ከፍ ላሉት «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የመሰሉ ለልጆች ታስበው የተሠሩ ዝግጅቶች አሉ። እነርሱንም ቢሆን ከልጁ ጋር ተቀምጦ ማየትና በኋላ መነጋገር ይሻላል።

4ኛ. ባዶውን ሰዓት እንሙላው። ከውዳሴ ማርያም የዕለቱን፥ ከስንክሳር የዕለቱን ቅዱስ ታሪክ አንድ ልጅ ያንብብ፤ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ጨዋታ፥ ተረት፥ ሂቦና እንቆቅልሽ ይቀጥል። ጸሎት ብቻ አድርገን ልጆቹን አናሰልች፤ ሳቅም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው።

5ኛ. የምናየውን መርጠን እንይ፤ ካየንም በኋላ እጃችን ይንቀሳቀስ። በ1977 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያነሣው መሐመድ አሚን የኮረምን ረኀብ ለዓለም ባሳዩ ጊዜ፥ በሩቅ አገር ሳሎናቸው ውስጥ የነበሩ ሰዎች አይተው ተነሡ፤ ለማያውቁት ወገን እጃቸውን ዘረጉ። ያው ሣጥን ለምሕረት ሊያገለግል እንደሚችል ይህ ምስክር ነው። የማየት ፍሬ ይህ ነው። እኛ የሰው መከራ አይተን «ወይኔ» ብለን ወደ ድራማው የምናልፍ ከሆነ ግን ዓይናችን አየ እንጂ ልባችን አላየም።

6ኛ. በጎረቤት ላይ አንፍረድ። ከቤት መውጣት የማይችል በሽተኛና ሽማግሌ ቅዳሴውን የሚከታተለው በዚያው ቴሌቪዥን ሊሆን ይችላል። ብቸኛ ለሆነች ባልቴት የሰው ድምፅ የምትሰማበት እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ቴሌቪዥኑን እንዲዘጋ ከመንገር ይልቅ ሄዶ መጠየቅ ይቀድማል።

ለእኛ ለወጣቶች ደግሞ የተለየ ቃል አለ። እስከ አሁን ስለ አባትና ስለ እናት ስንናገር ደስ ብሎን ሰምተን ይሆናል። ነገር ግን ሙሴ ከቈጠራቸው ከአራቱ ጊዜያት ቴሌቪዥን የወሰደው አንዱን፥ በቤት መቀመጥን ነው። ሦስቱን የቀሩትን ማን ወሰዳቸው? በመንገድ ስንሄድ በጆሯችን ያለው ምንድን ነው? ስንተኛ የመጨረሻ የምናየው፥ ስንነሣ አስቀድመን የምንዳስሰው ምንድን ነው? ስልካችን አይደለምን? ቴሌቪዥን ቢያንስ ቤተሰቡን በአንድ ሳሎን ይሰበስባል፤ ስልክ ግን በአንድ ሶፋ ላይ የተቀመጡትን እንኳ ይለያያል። ስለዚህ ወላጆቻችን ቴሌቪዥኑን በሚዘጉበት ሰዓት እኛ ቲክቶኩንና ቴሌግራሙን ዘግተን ስልካችንን በቡፌው ላይ እናስቀምጥ። ያን ስናደርግ ጾሙ የቤቱ ሁሉ ይሆናል።

የተወደዳችሁ፥ በየቤታችን በር አጠገብ በዱካ ላይ የተቀመጡ አንድ ሰው አሉ። አያት ይሆናሉ፥ አክስት ይሆናሉ፥ ከገጠር የመጡ ዘመድ ይሆናሉ። ብዙ የሚያውቁት ነገር አለ፤ ዕድሜያቸው ግን አይጠብቀንም። ድራማው ነገም ይደገማል፤ ያለፈንን ክፍል ፈልገን ልናገኘው እንችላለን። እኒያ ሰው የያዙት ግን አንድ ጊዜ ካለፈ የሚደገምበት ጣቢያ የለም። እንግዲህ በዚህች ሳምንት፥ በመጪው ረቡዕ ማታ፥ ቴሌቪዥኑን ዳንቴሉን አልብሰን፥ አንዱን ሶፋ ወደ እርሳቸው ዞር አድርገን፥ የእናታቸውን ስም በመጠየቅ እንጀምር።

ቤታችንን የሰላምና የምስጋና ቤት ያድርግልን፤ ለአባቶችና ለእናቶች የሚናገሩትን፥ ለልጆችም የሚሰማ ጆሮን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።